የእሳት አደጋ አገልግሎት ለከፈለ ሰው ብቻ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአሜሪካ ቤት ሲገዛ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ግብሩና ስለ ወለዱ ብዙ ይጠየቃል። እሳት ቢነሳ ማን እንደሚደርስና አገልግሎቱ በማን ገንዘብ እንደሚተዳደር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በአብዛኞቹ ከተሞች አገልግሎቱ በግብር ስለሚሸፈን ጥያቄው አይነሳም። ከከተማ ክልል ውጭ ባሉ አንዳንድ ካውንቲዎች (የክፍለ ግዛት ንዑስ አስተዳደሮች) ግን ነዋሪው በየዓመቱ ለእሳት አደጋ ጣቢያው በራሱ ፈቃድ የሚከፍለው መዋጮ አለ። ያልከፈለ ሰው እንደ አካባቢው ደንብ ወይ ከባድ ሂሳብ ይመጣበታል፣ ወይ ቤቱ ሲነድ የሚያጠፋለት ያጣል። እኛ ክፍያውን አንቃወምም። የምንቃወመው እሳቱ ፊት ቆሞ «ከፍለሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅን ነው።

ቤት እየተቃጠለ ያላጠፉበት ጊዜ በእርግጥ አለ?

አለ። በጣም የታወቀው በቴነሲ ክፍለ ግዛት፣ በኦቢየን ካውንቲ የሆነው ነው። ካውንቲው የራሱ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት አልነበረውም። ሳውዝ ፉልተን የምትባለው ትንሽ ከተማ ከክልሏ ውጭ ላሉ ነዋሪዎች በዓመት 75 ዶላር እየተቀበለች አገልግሎት ትሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 29 ቀን 2010 የዚያን ዓመት 75 ዶላር ያልከፈለ አንድ ቤተሰብ ቤቱ በእሳት ተያያዘ። ወደ አስቸኳይ ጊዜ ስልኩ 911 ቢደወልም ስማቸው ከከፋዮች ዝርዝር ስላልተገኘ መኪና አልተላከም። የፈለጋችሁትን ያህል እከፍላለሁ ቢባልም አልሆነም። እሳቱ ወደ ጎረቤት ማሳ ሲዛመት ግን ጎረቤቱ ከፋይ ነበርና ሠራተኞቹ መጡ። ውኃቸውን በድንበሩ በኩል ረጩ፤ ቤቱ ነዶ አለቀ። ሦስት ውሾችና አንዲት ድመት ውስጥ ቀሩ።

በዲሴምበር 2011 በዚያው አካባቢ ሌላ ቤት፣ ሞባይል ሆም (በፋብሪካ ተሠርቶ የሚተከል ቤት)፣ በተመሳሳይ ምክንያት ተቃጠለ። በ2012 ከተማዋ ደንቧን ለወጠች፦ ለሁሉም ጥሪ ይደረሳል፣ ያልከፈለ ሰው ግን 3,500 ዶላር ይጠየቃል። ይህ መፍትሔ ቀድሞም በእጃቸው ነበር፤ እኛን የሚቆጨንም እሱ ነው።

ጥፋቱ የሠራተኞቹ ነው?

አይደለም። ትእዛዙ ከከተማው አስተዳደር የመጣ ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ማኅበርም ውሳኔውን በይፋ አውግዟል። ቱቦ በእጁ ይዞ ቤት ሲነድ እንዲያይ የተገደደ ሠራተኛ ራሱም ተጎጂ ነው።

ባለቤቱ እዚያው ልክፈል ካለ ለምን 75 ዶላሩን አይቀበሉም?

ይህን ጥያቄ በቀላሉ ማለፍ አይገባም፤ ከተማዋ በዚህ ነጥብ ላይ የያዘችው ምክንያት ትክክል ነውና። እሳት ሲነሳ ብቻ 75 ዶላር መክፈል የሚቻል ከሆነ አስቀድሞ የሚከፍል አይኖርም። ጣቢያው ደግሞ የሚኖረው እሳት በሌለባቸው ቀናት በሚከፈለው ገንዘብ ነው።

ወጪው ምን እንደሚመስል እንይ። በአንድ መኪና ላይ አንድን ቦታ ሌት ተቀን፣ ሰባቱንም ቀን በሰው ለመሸፈን በሳምንት 168 ሰዓት ያስፈልጋል። አንድ ሠራተኛ በሳምንት 42 ሰዓት ቢሠራ ለዚያች አንድ ቦታ 4 ሰው ይፈለጋል፤ የዓመት እረፍት፣ ሕመምና ሥልጠና ሲታሰብ ወደ 5 ይጠጋል። አራት ሰው የሚይዝ መኪና እንግዲህ 20 ያህል ደመወዝተኛ ይጠይቃል። በፈቃደኞች የሚሠራ የገጠር ጣቢያ ከደመወዙ ቢድንም ከዕቃው አይድንም፦ መከላከያ ልብሱ ከተመረተ 10 ዓመት ሲሞላው ይወገዳል፣ ፓምፑና ቱቦዎቹ በየዓመቱ ይፈተሻሉ፣ የመተንፈሻ ሲሊንደሮቹም የራሳቸው የፍተሻ ጊዜ አላቸው። በዓመቱ አንድም ቤት ባይቃጠል ይህ ሁሉ ወጪ አይቀርም።

ስለዚህ እዚያው ልክፈል ያለ ሰው የአገልግሎቱን እውነተኛ ዋጋ ሊጠየቅ ይችላል። ይህ ግን ማጥፋትን ለመከልከል ምክንያት አይሆንም። መጀመሪያ ይጠፋል፣ ከዚያ ሂሳቡ ይላካል።

ዕድርም እኮ ላልከፈለ ሰው አይወጣም። ይኼኛው በምን ይለያል?

ከወገኖቻችን ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ ጠንካራም ነው። ዕድር መዋጮውን የሚሰበስበው ሞት ከመምጣቱ በፊት ነው። በሐዘን ማግስት ልመዝገብ የሚል ሰው ዕድሩን ያፈርሳል፤ እስከዚህ ድረስ ሁለቱ አንድ ናቸው።

ልዩነቱ ሁለት ቦታ ላይ ነው። ያልከፈለ ሰው ቤት የገባ ሐዘን በግድግዳ አልፎ የከፈለውን ጎረቤት አይገድልም፤ እሳት ግን ያልፋል። ባልከፈለው ቤት የተተወ እሳት ለከፈለው ሰው የሚደርሰው ገና ትንሽ ሳለ ሳይሆን በርትቶ ነው፤ በሳውዝ ፉልተንም የከፋዩ ማሳ የተያያዘው በዚህ መንገድ ነው። ሁለተኛ፣ ዕድር የሌለውም ሰው ሳይቀበር አይቀርም። ሰፈሩ አዋጥቶ ይቀብረዋል፣ ወቀሳውም ክፍያውም ኋላ ይመጣል። ስለዚህ ዕድርን በምሳሌነት ካነሳን የሚደግፈው «መጀመሪያ እሳቱ ይጥፋ» የሚለውን ነው።

ሰው ውስጥ ካለ ያድናሉ አይደል?

እንዲህ ያሉ ደንቦች አብዛኛውን ጊዜ «የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ክፍያ አይታይም» ይላሉ። ችግሩ ከጊዜው ነው። በሰው ሠራሽ ስፖንጅና ፕላስቲክ የተሞላ የዛሬ ሳሎን፣ እሳት ከተነሳበት ጀምሮ በ3 እስከ 5 ደቂቃ ውስጥ ክፍሉ በሙሉ በአንዴ ሊቀጣጠል ይችላል። ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል ውስጥ ሕይወት አይገኝም። ጥሪ ተቀባዩ አድራሻውን ከዝርዝር ሲያመሳክር፣ «ሰው አለ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «ሁሉም ወጥቷል» ተብሎ መኪና ሳይላክ ሲቀር፣ ኋላ ደግሞ አንድ ልጅ መጉደሉ ሲታወቅ የሚባክነው ያው ጊዜ ነው። በውጭ የቆመ ሰው በቤት ውስጥ ማን እንዳለ በእርግጠኝነት አያውቅም፤ በድንጋጤ ላይ ያለ ቤተሰብም ይሳሳታል።

ውኃውም ጊዜ አይሰጥም። ተራ የእሳት አደጋ መኪና ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 1,000 ጋሎን ውኃ ይይዛል። አንድ የእጅ ቱቦ በደቂቃ 150 ጋሎን ቢረጭ 500 ጋሎኑ ከሦስት ደቂቃ ተኩል በፊት ያልቃል። ሃይድራንት (ውኃ የሚቀዳበት የመንገድ ዳር ቧንቧ) በሌለበት ገጠር ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው ውኃ የሚያመላልስ ቦቴ ነው። በዚህ ውኃ አንድ ክፍል የያዘ እሳት ይጠፋል፤ ጣሪያውን የያዘ ግን አይጠፋም። «ድንበር ላይ ቆመን የከፋዩን ቤት እንጠብቅ» የሚለው ስልት ከሙያው አንጻር እንኳ አያዋጣም፤ የተተወ እሳት የሚፈጀው ውኃ ቶሎ ከተያዘው ይበልጣልና።

ታዲያ ገንዘቡ እንዴት ይሰብሰብ?

የተሻለው መንገድ ከንብረት ግብር ጋር አብሮ ነው። በብዙ ክፍለ ግዛቶች ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ «የእሳት አደጋ ዲስትሪክት» ማቋቋም ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የዲስትሪክቱ ድርሻ በግብር ደረሰኙ ላይ ለብቻው ይመጣል። ማንም አይረሳውም፣ ቤት ሲሸጥም አብሮ ይተላለፋል።

በፈቃድ የሚከፈል መዋጮ ለምን እንደማይበረክት በቀላል ሂሳብ ይታያል። ለምሳሌ ያህል ጣቢያው በዓመት 300,000 ዶላር ያስፈልገው፣ በአካባቢው 4,000 ቤት ይኑር። ሁሉም ቢከፍል ለአንድ ቤት 75 ዶላር ይደርሳል። 2,400ው ብቻ ቢከፍሉ 125 ይሆናል። ዋጋው ሲጨምር ሌሎችም ይወጣሉ፣ ለቀሩትም እንደገና ይጨምራል።

ከአሜሪካ ውጭም ይህ ታይቷል። በአውስትራሊያ የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት የእሳት አደጋ አገልግሎት ትልቁ ገቢ በኢንሹራንስ ውል ላይ የሚጨመር ክፍያ ነበር። ኢንሹራንስ ያልገባ ሰው ምንም ሳያዋጣ አገልግሎቱን ያገኝ ነበር፤ የገባው ደግሞ የሁለት ሰው ይከፍል ነበር። በፌብሩዋሪ 2009 173 ሰዎች ከሞቱበት የሰደድ እሳት በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ይህ እንዲቀር መከረ፤ ከጁላይ 2013 ጀምሮም ክፍያው በንብረት ላይ ሆነ።

ግብር በፖለቲካ የማይታሰብ ከሆነ ሁለተኛው ምርጫ ሳውዝ ፉልተን በመጨረሻ የደረሰችበት ነው፦ ለሁሉም መድረስና ያልከፈለውን ማስከፈል። ድክመቱ አሰባሰቡ ላይ ነው። ከተማ ከክልሏ ውጭ ግብር የመጣል ሥልጣን ስለሌላት ሂሳቡን የማይከፍል ሰው ቢገጥማት ፍርድ ቤት መሄድ አለባት። ስለዚህ ሂሳቡ በቤቱ ላይ እንደ ዕዳ እንዲያዝ የሚፈቅድ ሕግ አብሮ መውጣት አለበት፤ አለዚያ ሂሳቡ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የግል ኩባንያ መሆኑ ነው ችግሩ?

አይደለም። በዴንማርክ በ1906 የተመሠረተው ፋልክ የግል ድርጅት ሆኖ ለብዙ ማዘጋጃ ቤቶች እሳት አጥፍቷል፤ የሚከፍለው ግን ማዘጋጃ ቤቱ ስለነበር ነዋሪው በእሳት ጊዜ ስለ ክፍያ አይጠየቅም ነበር። በአሪዞና የስኮትስዴል ከተማም በ1948 ከተመሠረተው ሩራል ሜትሮ ከተባለ የግል እሳት አጥፊ ኩባንያ ጋር በውል ስትሠራ ኖራ በ2005 የራሷን መሥሪያ ቤት አቋቋመች። በዚያ የውል ዘመን፣ በ1985፣ አዲስ የሚሠራ ቤት ሁሉ በኮርኒሱ ላይ እሳት ሲነሳ በራሱ የሚሠራ የውኃ መርጫ እንዲኖረው ደንብ አውጥታለች፤ ብዙ ከተሞች እስካሁን ያልደፈሩት እርምጃ ነው።

ኩባንያው ቤት ለቤት መዋጮ በሚሰበስብበት ቦታ፣ ለምሳሌ በቴነሲ ኖክስ ካውንቲ፣ አሠራሩ ላልከፈለም ደርሶ ማስከፈል ነው። ከሳውዝ ፉልተን የድሮ ደንብ በብዙ ይሻላል፤ ሂሳቡ ግን ቤተሰብ ሊያናጋ ይችላል። በ2013 በአሪዞና ሞባይል ሆሙ የተቃጠለበት አንድ ቤተሰብ ወደ 20,000 ዶላር የሚጠጋ ሂሳብ መጥቶበታል።

በድሮ ለንደን የኢንሹራንስ ምልክት የሌለውን ቤት ትተው ይሄዱ ነበር ይባላል። እውነት ነው?

ከ1666ቱ ታላቅ ቃጠሎ በኋላ የተነሱት የኢንሹራንስ ድርጅቶች የራሳቸው እሳት አጥፊዎች ነበሯቸው፤ ደንበኞቻቸው ቤት ላይም ምልክት ይለጥፉ ነበር። ምልክት የሌለውን ቤት ትተው ይሄዱ ነበር ለሚለው ግን ማስረጃው ደካማ ነው። ጎን ለጎን በተጣበቁ ቤቶች መካከል አንዱን መተው የራስን ደንበኛ ማቃጠል ስለሆነ ድርጅቶቹንም አይጠቅማቸውም ነበር። በ1833 አሥር ያህል ድርጅቶች እሳት አጥፊዎቻቸውን አዋሐዱ። በ1861 በቱሊ ጎዳና የተነሳው ቃጠሎ አለቃቸውን ጄምስ ብሬድዉድን ገድሎ ድርጅቶቹን በኪሳራ ካናወጠ በኋላ፣ በ1865 በወጣ ሕግ አገልግሎቱ የሕዝብ ሆነ። ተጠቃሚው ኢንሹራንስ ያለውም የሌለውም ስለነበር ድርጅቶቹ ወጪውን ለብቻቸው መሸከም አልቻሉም።

ልገዛው ያሰብኩት ቤት በየትኛው ሥርዓት ሥር እንዳለ እንዴት ልወቅ?

የፖስታ አድራሻውን አትመኑ። አድራሻው «ኖክስቪል» (የኖክስ ካውንቲ ከተማ) ብሎ ቤቱ ግን ከከተማው ክልል ውጭ ሊሆን ይችላል። በካውንቲው የንብረት ምዝገባ ድረ ገጽ አድራሻውን አስገብታችሁ ከከተማ ክልል ውስጥ መሆኑን እዩ። ከዚያ የሻጩን ያለፈ ዓመት የግብር ደረሰኝ አስመጥታችሁ የእሳት አደጋ ዲስትሪክት የሚል መስመር እንዳለው ተመልከቱ። ሁለቱም ከሌሉ በአቅራቢያው ላለው ጣቢያ በአስቸኳይ ጊዜ ስልክ ሳይሆን በቢሮው ስልክ ደውላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ይህ አድራሻ የእናንተ ነው? ክፍያው በፈቃድ ነው? ያልከፈለ ሰው ቤት ቢቃጠል ምን ታደርጋላችሁ? መልሱን በኢሜይል አስልኩ።

ቀጥሎ የኢንሹራንስ ወኪላችሁን የአካባቢውን የእሳት መከላከያ ደረጃ ጠይቁ። ደረጃው ከ1 እስከ 10 ነው፤ 1 ምርጡ፣ 10 ደግሞ እውቅና ያለው መከላከያ የለም ማለት ነው። በጥቅሉ ቤቱ ከጣቢያው በመኪና መንገድ ከ5 ማይል፣ ማለትም ከ8 ኪሎ ሜትር፣ በላይ ከራቀ 10 ይሆናል። በ5 ማይል ውስጥ ሆኖ ከሃይድራንት ከ1,000 ጫማ፣ ማለትም ከ300 ሜትር፣ በላይ ቢርቅም ደረጃው ይከፋል። ደረጃው ሲከፋ አረቦኑ ይጨምራል፤ ልዩነቱ ከዓመታዊው መዋጮ ሊበልጥ ስለሚችል ከመግዛታችሁ በፊት በቁጥር አስቀምጡት። መዋጮ ባለበት አካባቢ የከፈላችሁበትን ደረሰኝ የሚጠይቁ ኢንሹራንሶችም አሉ።

ኢንሹራንስ ካለኝ የእሳት አደጋውን ሂሳብ አይከፍልልኝም?

ውላችሁን ገልጣችሁ «የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት የአገልግሎት ክፍያ» የሚለውን አንቀጽ ፈልጉ። በተለመደው የቤት ባለቤት ውል የክፍያው ጣሪያ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ ቢበዛ የሚከፍለው፣ 500 ዶላር ነው፤ ከራስ የሚከፈል ቅድሚያ የለበትም። ሁለት ገደቦች ግን አሉበት፦ የሚሸፍነው በውል ወይም በስምምነት ለገባችሁበት ክፍያ ነው፤ ቤቱ አገልግሎቱን በሚሰጠው ከተማ ወይም ዲስትሪክት ክልል ውስጥ ከሆነም አይሠራም። የ3,500 ዶላር ሂሳብ ቢመጣ፣ አንቀጹ ቢሠራላችሁ እንኳ 3,000ው ከኪሳችሁ ነው። ይህን የክፍያ ጣሪያ በትንሽ ጭማሪ ከፍ የሚያደርጉ ኩባንያዎች ስላሉ ወኪሉን ጠይቁ።

ተከራይ ነኝ። የሚከፍለው ማነው?

ብዙውን ጊዜ የቤቱ ባለቤት ነው፤ ነገር ግን በኪራይ ውሉ ካልተጻፈ እያንዳንዱ ሌላው ከፍሏል ብሎ ይተዋል። በተለይ መሬቱን ተከራይቶ የራሱን ሞባይል ሆም ያቆመ ሰው ይጠንቀቅ፤ የመሬቱ ባለቤት ክፍያ የሱን ቤት ላይሸፍን ይችላል። ዕቃችሁ የራሳችሁ ነውና የተከራይ ኢንሹራንስ ግቡ፤ ርካሽ ነው።

ከፍያለሁ። ምን ሊበላሽ ይችላል?

ስሙና አድራሻው። መዋጮው የሚመዘገበው በአድራሻ ስለሆነ የቀድሞው ባለቤት ክፍያ ለእናንተ ላይተላለፍ ይችላል። የእድሳት ደብዳቤው ወደ ድሮ አድራሻችሁ ሊሄድ ይችላል። በአንድ ግቢ ሁለት ቤት ካለ አንዱ ብቻ ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል። የእድሳቱን ቀን በስልካችሁ አስታዋሽ ላይ አስገቡ፤ ደረሰኙን ከቤት ውጭ፣ ለምሳሌ በኢሜይላችሁ አስቀምጡ።

መክፈል ርቀትን አያሳጥርም። ጣቢያው ሩቅ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች የምታድኑት እናንተ ናችሁ። የጭስ ማንቂያ በእያንዳንዱ መኝታ ክፍል፣ ከመኝታ ክፍሎቹ ውጭና በእያንዳንዱ ፎቅ ይኑር፤ በየወሩ ቁልፉን ተጭናችሁ ሞክሩት፣ 10 ዓመት ሲሞላው ቀይሩት። ስትተኙ በር ዝጉ፤ ተራ የእንጨት በር እንኳ ጭስና ሙቀትን ለደቂቃዎች ይገታል። የቤት ቁጥራችሁ ከመንገድ በሌሊት ይታይ። የመግቢያ መንገዳችሁ ደግሞ ለመኪናው ይብቃ፤ ብዙ ቦታ የሚሠራበት ደንብ 20 ጫማ ስፋትና 13 ጫማ ከ6 ኢንች ከፍታ ነጻ እንዲሆን ይጠይቃል። ዝቅ ያለ የዛፍ ቅርንጫፍ የከፈላችሁበትን መኪና በር ላይ ሊያስቀር ይችላል።

በካሊፎርኒያ ሀብታሞች የግል እሳት አጥፊ ይቀጥራሉ ሲባል ሰምተናል። ያው አይደለም?

በከፊል። አንዳንድ ኢንሹራንሶች ሰደድ እሳት ሲመጣ ወደ ደንበኞቻቸው ቤት ቡድን ይልካሉ፤ ቡድኑ ደረቅ ሣርና ቅጠል ያነሳል፣ የጣሪያ ስር ቀዳዳ ይደፍናል፣ እሳት የሚከላከል ፈሳሽ ይረጫል። በጃንዋሪ 2025 በሎስ አንጀለስ ቃጠሎ ጊዜ ክርክሩ እንደገና ተነስቶ ነበር። የሕዝቡ አገልግሎት ለሁሉም እስከደረሰ ድረስ አንድ ሰው በራሱ ገንዘብ ቤቱን ቢያዘጋጅ ቅሬታ የለንም። ቅሬታው የሚመጣው የግል ቡድኑ ከሕዝቡ ሠራተኞች ጋር በመንገድና በሃይድራንት ሲሻማ ነው፤ ካሊፎርኒያ በ2018 ያወጣችው ሕግም የግል ቡድኖች እሳት የማጥፋቱን ሥራ ከሚመራው አዛዥ ጋር ተቀናጅተው እንዲሠሩ ያስገድዳል።

በአካባቢያችን ደንቡ እንዲለወጥ ምን እናድርግ?

ውሳኔው አብዛኛውን ጊዜ በካውንቲው ኮሚሽን (በነዋሪው በተመረጠው ምክር ቤት) እጅ እንጂ በእሳት አደጋ አለቃው እጅ ስላልሆነ ጥያቄውን ወደ ኮሚሽኑ ውሰዱት። የስብሰባው አጀንዳ አስቀድሞ ይለጠፋል፤ ለሕዝብ አስተያየት የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ስለሆነ አንድ ጥያቄ ብቻ አዘጋጁ፦ «መዋጮው ግብር እስኪሆን ድረስ፣ ላልከፈለም ደርሶ ኋላ የሚያስከፍል ደንብ መቼ ታወጣላችሁ?» ከመሄዳችሁ በፊት ከጣቢያው ሁለት ቁጥር ጠይቃችሁ ያዙ፦ የዓመቱ በጀት ስንት ነው፣ ከቤቶቹ ስንት በመቶው ይከፍላሉ? በጀቱን ለቤቶቹ ሁሉ አካፍላችሁ ለአንድ ቤት በወር ምን ያህል እንደሚደርስ አሳዩ። የከፈሉ ጎረቤቶቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ኮሚሽነሮቹ ባልከፈለው ሰው አቤቱታ ላይ «መክፈል ነበረበት» ሊሉ ይችላሉ፣ የከፈለው ሰው ግን ከጎኑ ያለው እሳት ገና ትንሽ ሳለ እንዲጠፋለት የመጠየቅ መብት አለው።